ሥዕሉ ያልነገረን ነገር፦ በቱሉ ዲምቱ አንድ ክፍል ውስጥ በኮሚክ እንግሊዝኛ መጻፍ

የ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር እንደጀመረ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ቀላል የመሰለኝን ሥራ ሰጠኋቸው። «ዛሬ ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ እዚህ እስክትደርሱ ምን ገጠማችሁ? በአንድ አንቀጽ ጻፉልኝ» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ። ሙሉ ፔሬዱን ለቀቅኩላቸው።

ደብተሮቹን ሰብስቤ ቤቴ ወሰድኩ። 60 ያህል ናቸው። ስለ ጠዋታቸው የጻፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አብዛኞቹ የሰጡኝ «ማይሰልፍ»ን ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ማይ ኔም ኢዝ እገሌ፣ አይ ሊቭ ኢን አዲስ አበባ፣ አይ ሃቭ ቱ ብራዘርስ። ከታች ክፍል ጀምሮ በቃላቸው የያዙት፣ ምንም ብትጠይቃቸው የሚመልሱት አንቀጽ ነው። አንዳንዶቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ ገልብጠዋል። ባዶ ገጽ የሰጡኝም አሉ።

ያን ማታ አዘንኩ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ተምረዋል፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ስምንት ዓመት የተማረ ልጅ ስለ ገዛ ጠዋቱ አራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተው፣ የጎደለው ነገር ልጁ ላይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈተናዎቻችን ምርጫ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ችሎታን የሚለካው ከተሰጡት አማራጮች አንዱን በማስመረጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደነገጥን። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ስለነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተብሏል። እኔን ግን ያለፉትም ልጆች ያሳስቡኛል። ዓረፍተ ነገር መምረጥና ዓረፍተ ነገር መሥራት ለየቅል ናቸው። የማይፈተን ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። እኔም ራሴ ለዓመታት ጊዜ አልሰጠሁትም።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤቱ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት፣ የከተማዋ ጫፍ። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ክፍሌ ውስጥ ወላጆቻቸው ከመሀል ከተማ ወጥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ልጆች አሉ። ከዚያው አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ የመጡም አሉ፤ ለእነሱ አማርኛ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ጠዋታቸው ባዶ አይደለም። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ። የታክሲ ሰልፍ አለ። ክረምት ሲሆን ጭቃው አለ። የሚጻፍ ነገር ሞልቷቸዋል።

መንገዱን ያሳየኝ ከባዶዎቹ ደብተሮች አንዱ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አልጻፈም። ገጹ ላይ ግን በእስክሪብቶ አንድ ሚኒባስ ሥሏል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአፉ የወጣች ክብ ውስጥ በአማርኛ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ አንዲት እናት እየሮጡ ነው። አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል።

ልጁ ጥያቄዬን መልሶልኛል። ጠዋት የገጠመውን ነግሮኛል። የነገረኝ በሚችለው ቋንቋ ነው።

በማግስቱ ለክፍሉ «በዚህ ሴሚስተር ኮሚክ እንሠራለን» አልኩ። በተከታታይ ሳጥኖች ውስጥ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚነገር ታሪክ ማለቴ ነው። ጩኸቱን መስማት ነበረባችሁ። ፎቶ ኮፒ የማስነሳበት በጀት የለኝም፣ ስለዚህ ያለን ሉክ ወረቀት ነው። ግማሽ ሉክ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ሳጥን ይወጣዋል። ንግግር የሚጻፍበትን ክብ ልጆቹ «ፊኛ» ብለው ሰየሙት። እኔም ተቀበልኩ። የሳጥን ሥር ጽሑፍ፣ ፊኛ፣ በሳጥኖች መሀል ያለው ክፍተት፤ በእነዚህ ሦስት ቃላት ሴሚስተሩን ሙሉ ተግባባን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፔሬዶች ደስ የሚሉ ነበሩ። ግን አልሠሩም። በግልጽ መናገር ያለብኝ ይህን ነው፤ ኮሚክ በክፍል ውስጥ ልሞክር የሚል መምህር ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ። ልጆቹ ሣሉ። አጠፉ። ላጲስ ተዋዋሱ። ቀለም ቀቡ። ፊኛዎቹ ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ ግን «ስቶፕ!»፣ «ኖ!»፣ «ኦ ማይ ጋድ!» ብቻ ነበር። በሦስት ፔሬድ ከአንድ ልጅ ያገኘሁት በአማካይ ስድስት ሰባት ቃል ቢሆን ነው።

በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘር መጡ። ከኋላ ተቀምጠው ካዩ በኋላ «መምህር፣ ይሄ ሥዕል ነው እንግሊዝኛ?» አሉኝ። እኔም ተከራከርኩ። የኮሚክ አባት የሚባለው ሮዶልፍ ቶፕፈር የጄኔቫ መምህር እንደነበረ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ላሉ ተማሪዎቹ እየሣለ ያሳይ እንደነበር፣ በኋላም በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ማሳተም እንደጀመረ ነገርኳቸው። ሩቅ ሳንሄድም የእኛው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፍሎ፣ በየሥሩ ጽሑፍ ተጽፎበት በየቤቱ ተሰቅሎ አይተናል አልኳቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እሳቸው ግን ቅጹ ላይ «የትምህርቱ ዓላማና የተሠራው ሥራ አልተገናኙም» ብለው ጻፉ። በዚያ ሳምንት ለነበረው ሁኔታ ልክ ነበሩ። ይህ ነው የሚባል የጽሑፍ ሥራ አልነበረኝም።

ያን ቅዳሜ ሉኮቹን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ገባኝ።

አንዱ የሰዓሊው ልጅ ነው። ሚኒባሱን በ8 ሳጥን አሳድጎታል። ያምራል። ረዳቱን በአንድ ዓይኑ፣ ከጎን ነው የሣለው። ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ክፉ ሰው እንዴት እንደሚሣል ያውቃል ማለት ነው። እናትየውን ግን በሁለት ዓይናቸው፣ ፊት ለፊት ሥሏቸዋል። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሁለት ብቻ። ሁለተኛው ሉክ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ሥራ ነው። መሣል አትችልም። ሰዎቿ እንጨት ናቸው፤ ክብ ጭንቅላት፣ አፍ እንኳ የላቸውም። ጀሪካኗ ጀሪካን መሆኗ እንዲታወቅ ከጎኗ «ዋተር» ብላ ጽፋለች። ሰልፉን መሣል ስላቃታት «ሜኒ ፒፕል» ብላለች። ጊዜው ሌሊት መሆኑን ማሳየት ስላልቻለች «ናይት» ብላ ጨምራለች። እያንዳንዱ ሳጥን ሥር ቃል አለ።

ሥዕሉ የሚናገር ከሆነ ልጁ አይጽፍም። ለምን ይጽፋል? ሥዕሉ ሲያንስ ነው ቋንቋ የሚያስፈልገው። አለን ፓይቪዮ የተባለው የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. በጻፈው ንድፈ ሐሳብ ምስልና ቃል በሁለት መንገድ አእምሮ ውስጥ እንደሚያዙ፣ ሲደጋገፉም ለማስታወስ እንደሚያግዙ አስረድቷል። ለቃላት ጥናት ይህ በደንብ ይሠራል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ለመጻፍ ግን ሌላም ነገር ያስፈልጋል። ልጁ ሥዕሉ ያልተናገረውን ማየት አለበት።

ሰኞ ሕጉን ቀየርኩ። መሣያ 10 ደቂቃ ብቻ። ሰው በእንጨት። ቀለም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ለክፍተቱ ነው። 8 ሳጥን ካለ 7 ክፍተት አለ። «በዚህ ሳጥንና በሚቀጥለው መሀል ምን ሆነ? ስንት ሰዓት አለፈ? ለምን ተናደደ? ማን ምን ሸተተው?» እያልኩ በየወንበሩ ዞርኩ። መልሱን ክፍተቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ ያቃተውን ቃል መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እንዲጽፈው ፈቀድኩ፤ በኋላ አብረን እንፈልገዋለን።

ክፍተቱ ለምን እንደረዳ ለመረዳት የራሳችንን ቋንቋ ማየት ነበረብኝ። አማርኛ ድርጊትን ሲደረድር አያያዥ ቃል አይፈልግም። «ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ሳታገኝ ተመለሰች» እንላለን። የተሟላው ግስ የመጨረሻው ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም፣ አድራጊዋም በግሱ ቅርጽ ውስጥ አለ። ልጁ ይህን እንደወረደ ሲያሻግረው «ሺ ጎ፣ ሺ ስታንድ፣ ኖት ጌት፣ ሺ ካም» ይሆናል። ለዓመታት ይህን በቀይ እስክሪብቶ ስሠርዝ ኖሬአለሁ። ስህተቱ የማሰብ ችግር አልነበረም። ልጁ በአማርኛ አጥርቶ አስቧል። እንግሊዝኛ ግን በሁለቱ ድርጊቶች መሀል ድልድይ ይፈልጋል፤ አፍተር ዛት፣ ዌን፣ ባት፣ ቢኮዝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ክፍተት ያን ድልድይ የሚቀመጥበትን ቦታ በዓይን አሳየ። «አያያዥ ቃል ተጠቀም» ስለው የማይገባው ልጅ «ክፍተቱ ባዶ ነው» ስለው ይገባዋል።

ፊኛው ደግሞ ሌላ ነገር አወጣ። ሰው ያለውን ስናወራ እኛ የሰውየውን ቃል እንዳለ እንይዛለን። «ረዳቱ ዝርዝር የለኝም አለ» እንላለን። ዝርዝር የሌለው ረዳቱ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ተማሪዎቼ ግን «ዘ ረዳት ሴድ አይ ዶንት ሃቭ ቼንጅ» ብለው ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይጽፋሉ። ጥቅሱ ካልተከፈተ እንግሊዝኛ አንባቢ «አይ» የሚለው ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ይህን ከመጽሐፉ ላይ ባለው የሰዋስው ሠንጠረዥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በኮሚክ ግን ፊኛው የረዳቱ አፍ ላይ ነው። ፊኛው ውስጥ እስካለ ድረስ «አይ» ረዳቱ ነው። ፊኛው በትእምርተ ጥቅስ ሲተካም እንዲሁ። «አሁን ፊኛውን በመርፌ ውጉት» እላቸዋለሁ። ፊኛው ሲፈነዳ ንግግሩ የተራኪው ይሆናል፤ አይ ወደ ሂ ይዞራል፣ ጊዜውም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሂ ሴድ ሂ ሃድ ኖ ቼንጅ። ሁለት ሳምንት ከፈጀብን በኋላ ብዙዎቹ ያዙት። ሁሉም አይደሉም።

በአምስተኛው ሳምንት ሥዕሉን ጨርሶ አነሳሁት። አሁን ያለው አንቀጽ ብቻ ነው። ደራሲው ኮሚኩን ይደብቃል፤ የጻፈውን ለጓደኛው ያነብለታል። ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶ እየሰማ ይሥላል። ከዚያ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያልተመሳሰለው ነገር ያልተጻፈ ነገር ነው። እኔ ማረም አላስፈለገኝም።

ሰዓሊውን ልጅ የለወጠው ይህ ቀን ነው። የጻፈው ሁለት መስመር ነበር። «ዘ ታክሲ ኢዝ ጎ። ዘ ዉማን ኢዝ ስታንድ።» ጓደኛው የሰማውን ሣለ፤ አንድ መኪና፣ ከጎኑ ቆማ ፈገግ የምትል ሴት። ልጁ ሥዕሉን ሲያይ ተናደደ።

«ጫማቸውስ?»

«የምን ጫማ?»

«ጭቃ ውስጥ የቀረው ነዋ!»

«አልጻፍከውማ!»

ወረቀቱን መልሶ ወሰደ። ወደ እኔ መጥቶ «ቲቸር፣ ጭቃ ምንድነው በእንግሊዝኛ?» አለኝ። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ማድ አልኩት። ቀጥሎ «ተያዘ»ን ጠየቀኝ። ፔሬዱ ሲያልቅ አራት መስመር ነበረው። ግሶቹ ገና የተበላሹ ነበሩ። ጫማው ግን ገብቷል፤ እናትየውም መሮጥ ጀምረዋል።

ከፊት የምትቀመጠው ልጅ በሴሚስተሩ መጨረሻ የጻፈችውን ግን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ጥቂቱን እንዳለ ላስነብባችሁ። «ማይ ማዘር ዌንት ቱ ዘ ታፕ ኢን ዘ ናይት። ሺ ስቱድ ኢን ዘ ላይን ፎር ቱ አወርስ። ዌን ሺ ሪችድ ዘ ፍሮንት፣ ዘ ዋተር ስቶፕድ። ሺ ዲድ ኖት ሴይ ኤኒቲንግ።» እናቷ በሌሊት ቦኖ ወርደው፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ ውኃው ቆመ። ምንም አላሉም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ወደ መጀመሪያው ሉኳ ተመለስኩ። እንጨቷ እናት አፍ አልነበራትም። ያኔ አፍ ያልሣለችው መሣል ስላልቻለች ነው ብዬ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ለ9ኛ ክፍል ብዙ አይደለም የሚል ይኖራል። «ማይሰልፍ»ን ለስምንት ዓመት ሲጽፍ የኖረን ልጅ የሚያውቅ ሰው ግን የመንገዱን ርዝመት ያያል።

ያልሠራውንም ልናገር። ከክፍሉ ውስጥ አሥር ያህል ልጆች ከፊኛ አልወጡም። ፊደል መለየት ራሱ የሚያስቸግራቸው ናቸው፤ እነሱ የሚያስፈልጋቸው ማንበብ ነው፣ ኮሚክ ያንን አይተካም። በከፊል ጊዜያቸው ሥራ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ስለሚቀሩ ጅምራቸው ሁልጊዜ ተቋርጦ ቀረ። ቀልድና ስድብ መሀል ያለው ድንበርም ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የክፍል ጓደኛውን አካሄድ ሣለና የተሣለው ልጅ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አይሣልም የሚል ሕግ አወጣን። ከመጀመሪያው ቀን ላወጣው ይገባኝ ነበር።

እርማቱ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። የ60 ልጅ ጽሑፍ በሳምንት ማረም አይቻልም። መጀመሪያ ሁሉንም ስህተት ለማረም ሞከርኩ። ገጹ ቀይ በቀይ ሆነ፣ ልጆቹም ፈሩ። በኋላ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ሳምንት ያለፈ ጊዜ ግስ፣ ሌላው ሳምንት አያያዥ ቃል። በየሳምንቱም የማነበው የግማሹን ክፍል ነው። የቀረውን ጀርባ ተሰጣጥቶ የመሣሉ ሥራ ያርመዋል።

ወላጆች በመጡበት ቀን ሉኮቹን ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው። አንድ አባት የልጃቸው ሥራ ፊት ብዙ ቆሙ። እንግሊዝኛ አያነቡም። ሥዕሉን በጣታቸው እየተከተሉ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሄዱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው «እዚህ መሀል ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አሉት። ልጁ ክፍተቶቹን እያነበበ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው።

ሱፐርቫይዘሩ በሰኔ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ደብተር ጠየቁ። ሰጠኋቸው። የጥርና የግንቦት ገጾችን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ቅጹ ላይ የጻፉት «የጽሑፍ ሥራው ቢቀጥል» የሚል ነው። ከዚያ ሊወጡ ሲሉ አንዱን ሉክ ይዘው «ይሄን ልውሰደው?» አሉኝ። የልጁ ስለሆነ ልጁን ይጠይቁት አልኳቸው። ጠየቁት። አልሰጥም አለ።